ያስቀረሁት የእናት ስንኝ

አሁን አሁን ሙዚቃ የጀመሩ ልጆች ቤቴ ይመጣሉ። ጊታሩን በጀርባ፣ ዘፈኑን በስልክ ይዘው ነው የሚመጡት። ስለ ትምህርትና ስለ ኑሮ ጥቂት ካወራን በኋላ ዞረው ዞረው አንዱ ጥያቄ ላይ ያርፋሉ፤ መጀመሪያ ማስመዝገብ ነው ወይስ መልቀቅ? «ከለቀቅነው ይወስዱብናል፤ ከያዝነው ደግሞ ማን ያውቀናል?» ይላሉ። አፋቸው የሚጠይቀው ስለ ሕግ ነው፤ ፊታቸው ላይ የማየው ግን ሌላ ነገር ነው። የሠሩትን ይወዱታል፣ ከእጃቸው ሲወጣ ምን እንደሚሆን ፈርተዋል። እኔም ያንን ፍርሃት አውቀዋለሁ። ስለዚህ ምክር ከመስጠቴ በፊት በወጣትነቴ የመረጥኩትን ሦስተኛ መንገድ እነግራቸዋለሁ። እሱ ከሁለቱም የባሰ ነበር፤ ደግነቱ ፍጻሜው አማረ።

ያኔ ሐዋሳ፣ ታቦር አካባቢ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሰርግ ላይ እዘፍናለሁ። ሰው ባንድ ይለናል እንጂ ሁለት ብቻ ነበርን፣ እኔና ኪቦርዲስቱ። እሱ ከሲዳማ ቤተሰብ የተወለደ ፕሮቴስታንት ነው፤ ጣቱን ያፍታታው ኳየር ውስጥ ነው። በአዘቦት ቀን ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል። እኔ ለመንግሥት ሥራ ከሰሜን መጥተው እዚሁ ከቀሩ ወላጆች የተወለድኩ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ያደግኩ ነኝ። አብረን መሥራታችን ለሁለታችንም ተመችቶን ነበር። በሁዳዴ የእኛ ሰዎች ሰርግ ሲያቆሙ የእሱ ሰዎች ይድራሉ፤ እሱ መዝሙር ሲያጅብ እኔ ቤቴ ተቀምጬ የተማሪ ፈተና አርማለሁ።

የዚያን ጊዜ የሐዋሳ ሰርግ ወይ ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ነው፣ ወይ ምሥራቅ በአዲሶቹ ሰፈሮች ኮብልስቶኑ ላይ በተተከለ ድንኳን። ሆቴሉ ጋ ድምፅ ማጉያው ጥሩ ነው፣ ሰው ግን ልብሱ እንዳይጨማደድ ይጠነቀቃል። ድንኳኑ ውስጥ መብራት ይጠፋል፣ ጄኔሬተሩ ከእኔ በላይ ይጮሃል፣ ሰው ግን እስኪያልበው ይጨፍራል። ምርጫ ቢሰጡኝ ድንኳኑን እመርጥ ነበር።

የትም ቢሆን አንድ ነገር አይቀርም። ዘፈኑ እንደተጀመረ ስልኮች ወደ ላይ ይነሳሉ፣ ካሜራ ማኑም ገመዱን ከሚክሰራችን ላይ ሰክቶ ድምፁን ይስባል። ሰኞ መናኸሪያ አካባቢ ያሉት ሙዚቃ ቤቶች ያንኑ በሜሞሪ ካርድ እየሞሉ ይሸጡታል። ማንም ክፋት ብሎ አያደርገውም። ሰርግ የሁሉም ነው፣ ሰርግ ላይ የተዘፈነም የሁሉም ነው የሚል ያልተጻፈ ስምምነት ነበር። እኔም የሰው ዘፈን እየዘፈንኩ ስበላበት የኖርኩት ስምምነት ነው፤ የራሴን እስክሠራ ድረስ ቅር ብሎኝ አያውቅም።

የራሴን የሠራሁት እናቴ በሞተች በዓመቱ ነው። እናቴ ብዙ የምታወራ ሴት አልነበረችም፤ ያለችውን ግን ሰው አይረሳውም። ከመምህራን ኮሌጅ ስመረቅ መጀመሪያ የተመደብኩት ሩቅ ገጠር ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ለዕረፍት ስመጣ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ የቤታችንን በር አንኳኳሁ። እናቴ ከፍታ አየችኝ፤ ሻንጣዬን አየች። አቅፋ ትስመኛለች ብዬ ስጠብቅ ፊቷ ተለዋወጠ።

«የገዛ ቤትሽን ፈቃድ ትጠይቂያለሽ?» አለችኝ። «ሁለተኛ ብታንኳኪ አልከፍትልሽም።»

እራት እስክበላ ድረስ አኩርፋኝ ነበር። አባቴ ሬዲዮኑ አጠገብ ተቀምጦ ይስቃል፣ ታናሽ እህቴ ገና ልጅ ነበረች፣ ከእኔ ጋር ወግና እናቴን ትለማመጥልኛለች። ይህ ሁሉ ያኔ ቀልድ ነበር። እናቴ ካረፈች በኋላ ግን ከሷ የቀረኝ ትልቁ ነገር እሱ ሆኖ አገኘሁት። እህቴ አድጋ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ አንድ ቀን ታገባለች፤ የዚያን ቀን እናቷ አትኖርም። ስለዚህ ዘፈን ሠራሁ።

ዘፈኑ ሙሽራዋን የሚሸኟት ሰዎች በየተራ የሚናገሩበት ነው። መጀመሪያ ጓደኛ፣ ቀጥሎ ወንድም፣ ቀጥሎ አባት፣ በመጨረሻ እናት። የጓደኛውን፣ የወንድሙንና የአባቱን ከራሴ ነው የፈጠርኩት። የእናቱ ግን የራሷ የእናቴ ነው፤ እኔ ቤት እንዲመታ ብቻ ነው ያስተካከልኩት።

ሂጂ ልጄ ሂጂ፣ ጎጆሽን አሙቂ፤
ስትመጪ ወደ እኔ ፈቃድ አትጠይቂ።

በረንዳችን ላይ ስንለማመደው አባቴ ሰማ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላም እኛ ቤት የመብራት ደረሰኝ እንኳን ቀን ሳይጻፍበት ፋይል አይገባም። ሬዲዮኑን ዘጋና ወጣ።  ዓይኑ ቀልቷል፣ እሱ ግን የጠየቀው ሌላ ነው።

«ይሄ ነገር ተመዝግቧል?»

ኪቦርዲስቱ ሳቀ። «አባባ፣ ዘፈን እኮ ነው።»

«ዘፈንስ ቢሆን? አዋጅ ወጥቷል፣ በሬዲዮ ሰምቻለሁ። አዲስ አበባ መሥሪያ ቤት አለው። ቁጥር ያልተሰጠው ነገር ቢጠፋ ማን ይፈልገዋል?»

«እኛ ኳየር ጋ እኮ ቅዳሜ አዲስ መዝሙር ከወጣ በሳምንቱ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ይዘምረዋል። ደስ ይለናል እንጂ ማን ፈቀደላችሁ አንልም። እኔ የሠራሁትን መዝሙር ይርጋለም ሄጄ ሲዘምሩት ሰምቻለሁ። የማን እንደሆነ አያውቁም። በደስታ አልቅሼ ነው የተመለስኩት።»

«የአንተን እግዚአብሔር ይይዝልሃል» አለ አባቴ። «የእናቷን ቃል ማን ይያዝላት?»

 እስክናስመዘግብ ግን ዘፈኑን ምን እናድርገው? አዲስ አበባ ለመሄድ የሥራ ቀን ያስፈልጋል። ትምህርት ቤቱ በወረቀት የተሞላበት፣ በስብሰባ የተወጠረበት ጊዜ ነበር፤ ከክፍል ስንወጣ አንድ ለአምስት የሚባለው የቡድን ውይይት፣ ከአንድ ለአምስት ስንወጣ ግምገማ። ክረምት እስኪገባ ፈቃድ የሚሰጠኝ የለም። በዚያ ላይ አብራኝ የምታስተምር ልጅ ልታገባ ነው፣ ስንለማመድ ሰምታ ዘፈኑን ለሰርጌ ካልዘፈንሽው ብላ ይዛኛለች።

ያን ጊዜ ነው ብልህ የሆንኩ የመሰለኝ። እዘፍነዋለሁ፣ የእናቱን ስንኝ ግን አስቀረዋለሁ አልኩ። የቀረውን ይውሰዱት፣ ግድ የለኝም። የእናቴ ቃል ግን ከመናኸሪያ ሱቅ ውስጥ በሌላ ሰው ስም ወጥቶ፣ እህቴ ከሰርጓ በፊት በሆነ ባጃጅ ውስጥ ብትሰማው አልችለውም። እሷ ከማንም ቀድማ፣ በሰርጓ ቀን፣ ከእኔ አፍ እንድትሰማው ፈልጌአለሁ። የያዝኩት ነገር ይኸው ነበር፤ ሌላ አልነበረም።

«ባዶውን ቦታ ታዲያ ምን ላድርገው?» አለ ኪቦርዲስቱ።

«ዜማውን ብቻ ተጫወትበት። ለመሣሪያ የተተወ ይመስላል።»

«ጥርሱ የወለቀ ነው የሚመስለው።»

አባቴም ገጽ የጎደለው ሰነድ ነው ብሎ አልወደደውም። ሁለቱንም አስታረቅኩ ብዬ ሁለቱንም አስከፋሁ። አንድ ነገር ደግሞ ከራሴ ጨመርኩበት። ዘፈኑ የእኔ መሆኑን ለማንም እንዳንናገር ኪቦርዲስቱን አስማልኩት፤ ባለቤት አለው ከተባለ ሌባው ይነቃል ብዬ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ብልጠት ከየት እንዳመጣሁት እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

በመጀመሪያው ሰርግ ላይ እንዳሰብኩት ሆነ። ጓደኛ ተናገረች፣ ወንድም ተናገረ፣ አባት ተናገረ፣ ከዚያ ኪቦርዱ ብቻውን ዞረ፣ ሰው አጨበጨበ። ስልኮቹ ተነስተው ነበር፤ የፈለጉትን ቅዱ እያልኩ በሆዴ ሳቅኩ።

ቀጥሎ የነበረው ምሥራቅ ድንኳን ውስጥ ነው። የሙሽራዋ እናት ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚነግዱ፣ ድምፃቸው ከሩቅ የሚሰማ ሴት ነበሩ። በእኛ ሰርግ ሽማግሌ ይመርቃል፣ አባት ያስረክባል፣ ሚዜ ይቀልዳል። እናት ግን ጓዳ ናት። ወጡ ይበቃ ይሆን፣ የአማቾቹ ጠረጴዛ ጎድሎበት ይሆን ስትል ልጇ ትሄድባታለች። እሳቸውም እንደዚያው ጭልፋ ይዘው ቆመው ነበር። እኔ የአባትን ስንኝ ጨርሼ ማይኩን ዝቅ ሳደርግ፣ ኪቦርዱ ብቻውን ሲዞር፣ ሴትዮዋ ግራ ቀኝ አዩ። ጓደኛ ከተናገረች፣ ወንድም ከተናገረ፣ አባት ከተናገረ የቀረው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ቦታው ለእሳቸው የተተወ መሰላቸው። ጭልፋውን ለአንዷ አቀበሉና መጥተው ማይኩን ከእጄ ወሰዱት።

አላለቅስም ዛሬ፣ ቤትሽ ቅርብ ነውና፤
ባጃጅ ተሳፍሬ እመጣለሁ ገና።

ሙሽራዋ የምትሄደው ሐይቅ ዳር ነበር፣ የባጃጅ መንገድ ነው። ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ሳቁ ሳያልቅ ሙሽራዋ ማልቀስ ጀመረች፣ ከዚያ እሳቸውም አላለቅስም ያሉትን ረስተው አለቀሱ፣ ከዚያ ሁሉም። ኪቦርዲስቱ ዓይኑን ጨፍኖ ያንኑ ዙር ደጋግሞ ይጫወታል። እኔ ባዶ እጄን ቆሜ ቀናሁ። ደስ ብሎኝ ነበር ብዬ ልዋሽ አልችልም። የእናቴ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ሲቀመጥበት ያየሁ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው። ሰው ሲቀጥረን «ያቺን እናት የምትልባትን ትዘፍናላችሁ አይደል?» ማለት ጀመረ። እናቶች ከሳምንት በፊት ጀምረው የሚሉትን ያሰላስላሉ። ግጥም የሚያውቁት ይገጥማሉ፣ የማያውቁት ዝም ብለው ይናገራሉ። አንዷ «ሌላ ነገር አልፈልግም፣ ስደውል ስልክ አንሺ» ብላ ማይኩን መለሰችልኝ። አንዲት የሲዳማ እናት በቋንቋዋ ረጅም ነገር ተናገረች። ኪቦርዲስቱ መጫወቱን ረስቶ ቆመ፣ በኋላ ምን አለች ስለው «ይሄ አይተረጎምም፣ እናቴን ልጠይቃት ልሂድ» ብሎ በማግስቱ ሄደ። ዘፈን በሰርጋቸው የማያስገቡ ፕሮቴስታንት ቤተሰቦች እንኳን ጠሩን። ዘፈን ነው አይደለም ብለው ሲከራከሩ ቆይተው «ምክር ነው» ብለው ተስማሙ። ከተማው ውስጥ የማያውቀው ሰው ጠፋ። የማን እንደሆነ ግን የሚያውቅ አልነበረም፤ ማንም ያላወቀው እኔው ስለደበቅኩት ነው።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ሰማሁት። ከሰርግ የተቀዳው መስሎኝ ነበር፣ አይደለም፤ ስቱዲዮ ገብቶ በደንብ ተሠርቷል፣ ከበሮ አለው፣ ማሲንቆ አለው። ድምፁ የማላውቀው ወንድ ነው። የጓደኛውን ዘፈነ፣ የወንድሙን ዘፈነ፣ የአባቱን ዘፈነ። ከዚያ ያ ባዶው ቦታ ሲደርስ የጨርቅ ነጋዴዋን ስንኝ፣ አላለቅስም ዛሬ የሚለውን፣ እንዳለ አወረደው።

«አዲስ ነው፤ ደስ አይልም?» አለኝ ሾፌሩ።

መውረጃዬ ሳይደርስ ወረድኩ።  ከንዴቴ ሥር ግን አንድ እፎይታ ነበር፤ የእናቴ ስንኝ አልተወሰደም፣ ብልጠቴ ሠርቷል። ያ እፎይታ እስከ ማግስቱ ድረስ ብቻ ነው የቆየው።

በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ጨርቅ ነጋዴዋ ሴትዮ ትምህርት ቤት መጡ። ልጆቹ ሜዳ ላይ ይሯሯጣሉ። ነጠላቸውን አጣፍተው በቀጥታ ወደ እኔ ሲመጡ ሳይ አብረን እንድናዝን የመጡ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ።

«ለስንት ሸጥሽው?» አሉኝ።

«ምኑን፣ እትዬ?»

«የእኔን ቃል ነዋ። ለልጄ ያልኩትን። ገበያ ውስጥ ወንድ እየዘፈነብኝ ነው። ሰው ሁሉ ባጃጇ መጣች እያለ ይቀልድብኛል።»

«እኔ አልሸጥኩም። የእኔንም እኮ ነው የወሰዱት። ዘፈኑን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

 «አንቺ ነሽ? ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልተናገርሽም?»

እውነቱን ነገርኳቸው። የእናቴን ነገር፣ የእህቴን ነገር፣ ያስቀረሁትን ስንኝ፣ ሁሉንም።  ስጨርስ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር፣ ያሉት ግን ከጩኸታቸው የበለጠ ቆረጠኝ።

«እንግዲያው የራስሽን እናት ቆልፈሽ፣ እኔን በር ላይ አቆምሽኝ።»

ደወሉ ተደወለ። ክፍል ገብቼ ምን እንዳስተማርኩ አላውቅም። ሌባውን የፈራሁት የእናቴን ቃል ስለሚወስድ ነበር። የሌላ እናት ቃል በእኔ ባዶ ቦታ ገብቶ እንደሚወሰድ አስቤ አላውቅም። ለእሷም ጠባቂ ያስፈልጋት ነበር።

ክረምት ሲገባ አዲስ አበባ ሄድን። ኪቦርዲስቱ መጣ፣ ሴትዮዋም ሱቃቸውን ለልጃቸው ትተው መጡ። ሚኒባሱ ውስጥ መስኮቱን ይዘው ዝዋይ እስክንደርስ ስለ ጨርቅ ዋጋ ሲያስረዱን ቆይተው፣ ከዝዋይ በኋላ ደግሞ እንቅልፍ ወስዷቸው ትከሻዬ ላይ ተደገፉ። አባቴ ሊሸኘን መናኸሪያ ድረስ መጥቶ ነበር። መታወቂያ፣ ፎቶ፣ የሁሉንም ነገር ኮፒ በፖስታ አድርጎ ሰጠኝና «ማኅተሙ በግልጽ መታተሙን ሳታይ እንዳትወጪ» አለኝ።

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የተቀበለችን ባለሙያ ትዕግሥተኛ ሴት ነበረች። መብቴን እንድትሰጠኝ እንደመጣሁ ሳስረዳት ፈገግ አለች።

«መብቱ እዚህ አይደለም የሚወለደው» አለች። «ዘፈኑን ሠርተው በቅጂ ካስቀመጡት ቀን ጀምሮ የእርስዎ ነው። እኛ ጋ የሚመጡት ሰው የካደዎት ዕለት የሚያሳዩት እንዲኖርዎት ነው። ቢመጡ ይጠቅማል፤ ግን ባይመጡም የእርስዎ ነበር።»

ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ምን ስፈራ ነበር አልኩ በሆዴ። ቀድተን ያመጣነውን ሲዲ ከፈተችው። ጓደኛ፣ ወንድም፣ አባት፣ ከዚያ ኪቦርዱ ብቻውን።

«እዚህ ጋ የለም» አለች። «ግጥሙ ላይ አራተኛ አለ ብለዋል።»

 ያንን ስንኝ ከበረንዳችን ውጪ ዘፍኜው አላውቅም። ቢሮው ውስጥ ሌሎች ሠራተኞች አሉ፣ የሆነ ሰው ስቴፕለር ይመታል። ቆሜ ዘፈንኩት። ፈቃድ አትጠይቂ የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄ ተሰበረ፣ ግን ጨረስኩት። ስቴፕለሩም ቆመ።

ሴትዮዋ እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው አዩኝ። «ይሄን ነው ስትደብቂ የኖርሽው?»

«አዎ።»

«ሞኝ። ይሄን ያን ቀን ሰምቼ ቢሆን እኔ አፌን አልከፍትም ነበር።»

ኪቦርዲስቱ ሳቀ፤ እኔ ግን ነገሩ ውስጤ ቀረ። ስንኙን ሙሉ ዘፍኜው ቢሆን ያ ሁሉ የድንኳን እናት ጭልፋዋን ይዛ ትቆም ነበር። ስሕተቴን ልኮራበት አልችልም፣ ግን ልጠላውም አልቻልኩም።

ግጥምና ዜማው በእኔ ስም ተመዘገበ፣ ባጃጅ ያለበት ስንኝ በሴትዮዋ ስም። ለሌሎቹ እናቶች የሚሆን መንገድ ባለሙያዋ አልነበራትም፤ እኔ ግን ግጥሙ መጨረሻ ላይ «እዚህ ላይ የሙሽራዋ እናት የራሷን ትላለች» ብዬ ጻፍኩ፤ አንብባ ከፋይሉ ጋር አያያዘችው። ማኅተሙ በግልጽ መታተሙን አየሁ።

ዘፋኙን ያገኘነው በስልክ ነው። የሌላ ከተማ ወጣት ነው፣ ድምፁ በስልክ ሲሰማ ከዘፈኑ ይልቅ ልጅነት አለበት። ሌባ ይመስለኝ ነበር፤ የደነገጠ ልጅ ሆኖ አገኘሁት።

«እህቴ፣ እውነቴን ነው፣ የሕዝብ መስሎኝ ነው። ሐዋሳ መጥቼ የማን ነው ብዬ ጠይቄአለሁ። ሁሉም የድሮ ነው፣ እናት የምትልበት ነው አለኝ። ባለቤት አለው ያለኝ አንድ ሰው አልነበረም።»

ምን ልበለው? እንዳይናገሩ ያስማልኩት እኔ ነኝ። ልቆጣ አፌን ስከፍት ሴትዮዋ ስልኩን ከእጄ ወሰዱት። ከእጄ ነገር መውሰድ ልማዳቸው ነበር።

«ስማ ልጄ፣ ብትጠይቀኝ እሺ እልህ ነበር። አሁን ግን ቅጣትህን ልንገርህ። ዘፈኑን እንደገና ስታወጣው የሁለታችንንም ስም ትጠራለህ። ሁለተኛ ደግሞ ታናሿን ልጄን ስድር መጥተህ ትዘፍናለህ። እኔ በምልበት ቦታ ላይ ዝም ትላለህ።»

ሁለቱንም አደረገ። ድጋሚ ባወጣው ላይ በመግቢያው ስማችንን ጠራ፣ የሐዋሳ ሰርግ ዘፈን ብሎም ጨመረበት። ለሰርጉ የመጣ ዕለት አባቴ ወንበር ሳበለትና ስለ ምዝገባ አስረዳው። ልጁ አሁን የራሱን ሥራዎች ሳያስመዘግብ አያወጣም፣ ግን ማንም ሲዘፍንለት ደስ እያለው ይሰማል። እኔም ቤቴ ለሚመጡት ልጆች የምነግራቸው ከዚያ የራቀ አይደለም። አስመዝግቡ፣ ከባድ አይደለም። ደግሞ ዝፈኑት፣ ሙሉውን፣ የእኛ ነው ብላችሁ ተናግራችሁ። ግማሹን ደብቃችሁ ግማሹን አትልቀቁ።

እህቴ ያገባችው በተከታዩ ዓመት ከፋሲካ በኋላ ነው፣ ሐይቅ ዳር ሆቴል ውስጥ። ድንኳን ይሻላል ብዬ ተከራክሬ ተሸነፍኩ። ስንኙን አሁንም አልሰማችውም ነበር። አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ከዘፈንኩት በኋላ የትም አልዘፈንኩትም፤ አሁን ግን ሌባ ፈርቼ ሳይሆን ለእሷ ብዬ ነው። ከኪቦርዲስቱ ጋር ተስማምተናል፤ ዛሬ ባዶ ቦታ የለም፣ ዛሬ ሙሉ ነው።

የጓደኛውን ዘፈንኩ፣ የወንድሙን ዘፈንኩ፣ የአባቱን ዘፈንኩ። እህቴ አንገቷን ደፍታለች። ከተማው ሁሉ የሚያውቀው ዘፈን ነው፤ ቀጥሎ ማን እንደሚነሳ ታውቃለች፣ የሚነሳ እንደሌለም ታውቃለች። አዳራሹም ያውቃል። ማይኩን ወደ አፌ ሳስጠጋ፣ ከፊት ጠረጴዛ ወንበር ሲገፋ ሰማሁ።

አባቴ ነው። ኮቱን ቆልፎ፣ መሥሪያ ቤት ውስጥ እንደሚራመደው ቀስ ብሎ እየተራመደ መጣ። በሕይወቴ አባቴ ሲዘፍን ሰምቼ አላውቅም። እጁን ዘረጋ፣ ማይኩን ሰጠሁት። ኪቦርዲስቱ አየኝ፣ ዙሩን ደገመ።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «እናታችሁ ብትኖር እሷ ናት የምትናገረው» አለ። «ዋናው እሷ ጋ ነው ያለው። እኔ ግልባጭ ነኝ።»

አንዳንዱ ሰው ሳቀ። ከዚያ አባቴ ዘፈነ። ዜማው ሌላ ቦታ፣ እሱ ሌላ ቦታ፤ ግን ቃሉን አንድም አላጎደለም። ሂጂ ልጄ ሂጂ አለ፣ ጎጆሽን አሙቂ። እህቴ ቀና አለች። ስትመጪ ወደ እኔ ሲል ዓይኗ ወደ እኔ ዞረ፣ ያንን በር፣ ያንን ሻንጣ፣ ያንን ኩርፊያ አስታውሳለች፤ አየሁባት። የመጨረሻውን ቃል እሱ ሳይጨርሰው እሷ ከሙሽራ ወንበሯ ላይ ሆና አብራው አለችው።

ስልኮች በየጠረጴዛው ወደ ላይ ተነስተዋል። ካሜራ ማኑ ገመዱን ሚክሰሩ ላይ ሰክቷል። እኔ እህቴን እያየሁ ነበር፤ ማን እንደቀዳ አላየሁም።